ሳንቲሙ የሚለውና መዝገቡ የሚለው

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም በሰሜን አሜሪካ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች ስለነበረው የገንዘብ እጥረት አጭር ጽሑፍ ካወጣን በኋላ ከአገር ውስጥም ከውጭም በርከት ያሉ ደብዳቤዎች ደርሰውናል። ከእነዚህ መካከል ስለ ቀደምት የአሜሪካ ሳንቲሞችና ቶከኖች ታሪክ አጠናን የሚጠይቁትን መርጠን ከዚህ በታች እንመልሳለን። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በቦስተን የምኖር እናት ነኝ። ልጄ ስለ ማሳቹሴትስ የብር ሽልንግ የቤት ሥራ ተሰጥቷት አብረን ሙዚየም ሄድን። በሳንቲሞቹ ላይ ያሉት ዛፎች የተለያዩ ሆነው ሳለ ዓመቱ ግን በሁሉም ላይ 1652 መሆኑን ልጄ አስተዋለችና ጠየቀች። አስጎብኚው፣ በዚያ ዓመት እንግሊዝ ንጉሥ ስላልነበራት ሰፋሪዎቹ ያለ ንጉሥ ፈቃድ ገንዘብ ማተማቸውን ለመሸፈን ዓመቱን ሆን ብለው ሳይለውጡት እንደቆዩ ነገረን። ይህ እውነት ነው?

መልስ፦ ልጅዎ ያስተዋለችው ነገር የዚህ ጥናት ዋና መግቢያ በመሆኑ መልሱን ዘርዘር አድርጌ አቀርባለሁ። በ17ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በማሳቹሴትስ የብር ገንዘብ እጅግ ያጥር ነበር። ከእንግሊዝ የሚመጣው ሳንቲም ለዕቃ መግዣ ተመልሶ ወደዚያው ይሄድ ስለነበር፣ ሰፋሪዎቹ በበቆሎ፣ በቢቨር ቆዳ፣ ነባሮቹ ሕዝቦች ከባሕር ዛጎል በሚሠሩት ዋምፐም በሚባል ዶቃ፣ አልፎ ተርፎም በ1635 በወጣ ትእዛዝ መሠረት በጠመንጃ ጥይት ይገበያዩ ነበር። ቨርጂኒያ ደግሞ ትምባሆን ገንዘብ አድርጋ ነበር። አሞሌ ጨው ገንዘብ ስለነበረበት ዘመን ከአያቶቹ የሰማ አንባቢ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

የቅኝ ግዛቱ ጠቅላላ ሸንጎ በሜይ 1652 በቦስተን የገንዘብ ማተሚያ ቤት እንዲቋቋም አዘዘ፤ ኃላፊነቱንም ጆን ሃል ለተባለ አንጥረኛ ሰጠ፤ ሃልም ሮበርት ሳንደርሰንን ባልደረባው አደረገ። የመጀመሪያዎቹ ሳንቲሞች በአንድ በኩል ኒው ኢንግላንድ ለሚለው ስም መነሻ የሆኑት ሁለት ፊደላት፣ በሌላው በኩል የዋጋው ቁጥር ብቻ የተመቱባቸው፣ የቀረው ገጻቸው ባዶ የሆነ ቁርጥራጮች ነበሩ። እንዲህ ያለውን ሳንቲም ዳር ዳሩን ሸርፎ ብሩን መስረቅ ቀላል ስለሆነ፣ ሸንጎው በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ በሁለቱም ገጽ ድርብ ክብ፣ የቅኝ ግዛቱ ስም፣ በመካከል ዛፍ፣ በጀርባውም ዓመተ ምሕረት እንዲኖር ወሰነ። ሕጉ «ዛፍ» ይላል እንጂ የዛፉን ዓይነት አይጠራም። አኻያ፣ ባሉጥና ጥድ የሚሉት ስሞች ከብዙ ዘመን በኋላ የመጡ የሰብሳቢዎች ስሞች ናቸው። አጥኚዎች አኻያውን ከ1653 እስከ 1660፣ ባሉጡን ከ1660 እስከ 1667፣ ጥዱን ከ1667 እስከ 1682 ያደርጉታል። ይህን ቅደም ተከተል ከሳንቲሙ ላይ ማንበብ አይቻልም፤ የሚገኘው ሸንጎው ከሃል ጋር ያደረጋቸውንና በየጊዜው ያደሳቸውን ውሎች ከሳንቲሞቹ አሠራርና ስፋት ጋር በማመሳከር ነው።

አሁን ወደ ንጉሡ ነገር እንምጣ። ቀዳማዊ ቻርልስ በጃንዋሪ 1649 አንገቱ ተቀልቷል፤ ልጁ ዳግማዊ ቻርልስ ወደ ዙፋኑ የተመለሰው በ1660 ነው። ስለዚህ በ1652 ንጉሥ አልነበረም መባሉ ልክ ነው። ነገር ግን አስጎብኚው ያላነሳው አንድ ትንሽ ሳንቲም አለ። ሸንጎው በ1662 ባለ ሁለት ፔኒ ሳንቲም እንዲታተም ሲያዝ፣ በላዩ የተቀረጸው ዓመት 1652 ሳይሆን 1662 ሆነ። ንጉሡ ከተመለሰ ሁለት ዓመት አልፎታል ማለት ነው። ዓመቱ የቆመው ከንጉሡ ለመደበቅ ቢሆን ኖሮ ይህ ሳንቲም ድብቁን ራሱ ባወጣው ነበር። ስለዚህ እኔ የምቀበለው፣ ዓመቱ ሳንቲሙ የታተመበትን ሳይሆን እያንዳንዱ የሳንቲም ዓይነት በሕግ የተፈቀደበትን ጊዜ ያሳያል የሚሉትን አጥኚዎች ነው። ይህን ስል ማተሚያ ቤቱ ከለንደን ጋር አላጣላም ማለቴ አይደለም። የዘውዱ ወኪል የነበረው ኤድዋርድ ራንዶልፍ በ1670ዎቹ በቅኝ ግዛቱ ላይ ካቀረባቸው ክሶች አንዱ ይኸው ማተሚያ ቤት ነበር፤ የቅኝ ግዛቱ ቻርተርም በ1684 ተሽሯል። ጠቡ እውነት መሆኑ ግን ስለ ዓመቱ የሚነገረውን ታሪክ እውነት አያደርገውም።

ዓመቱ ቆሞ የቀረ ገንዘብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። አያቶቻችን የተገበያዩበት የማሪያ ቴሬዛ ብር እቴጌይቱ ከሞቱበት ከ1780 ወዲህ በልዩ ልዩ አገሮች ለብዙ አሥርት ዓመታት ሲታተም በላዩ የሚነበበው 1780 ብቻ ነው። ለልጅዎ አንዱን ከቤት ዘመድ ተውሰው ቢያሳይዋት የቤት ሥራዋ ግማሹ ያልቃል።

ክብደቱንም እንድትጽፍ ይንገሯት። የእንግሊዙ ሽልንግ 6.02 ግራም ገደማ ሲመዝን የቦስተኑ እንዲመዝን የተወሰነው 4.67 ግራም ያህል ነበር። የብሩ ጥራት እኩል ሆኖ ክብደቱ የቀነሰው ነጋዴ ወደ ለንደን ይዞት እንዳይሄድ፣ ሳንቲሙ በአገሩ እንዲቀር ነው። በ1711 በኬፕ ብሬተን ደሴት አካባቢ ከሰጠመችው ፌቨርሻም የተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ ስብርባሪ ውስጥ ብዙ የማሳቹሴትስ የብር ሳንቲሞች ወጥተዋል፤ ከእነዚህም ጠርዛቸው የተሸረፈ ይገኙባቸዋል። ማተሚያ ቤቱ ከተዘጋ 30 ዓመት ገደማ በኋላም ሳንቲሙ ከእጅ እጅ ይዞር እንደነበረ ከባሕር ሥር የወጣ ማስረጃ ነው።

ጥያቄ፦ በአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ እኖራለሁ። በአሮጌ ዕቃ ገበያ ላይ «ኮንቲኔንታል ከረንሲ» እና 1776 የሚል ጽሑፍ ያለበት ግራጫ ሳንቲም በ40 ዶላር ገዛሁ። ሻጩ «የአሜሪካ የመጀመሪያው ዶላር ነው» ብሎኛል። እውነተኛ መሆኑን በምን አረጋግጣለሁ?

መልስ፦ በጥያቄዎ ውስጥ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው እርስዎ የያዙት እውነተኛ ነው ወይ የሚለው ነው። በዋጋው ስንገምት አይመስልም፤ ባያዝኑ ደስ ይለኛል። የዚህ ሳንቲም ቅጂዎች አሜሪካ 100ኛ ዓመቷን ባከበረችበት በ1876 ዙሪያም ሆነ በ200ኛው በዓል በ1976 ለመታሰቢያ ተሠርተው ተሸጠዋል። በ1973 የወጣው ሕግ እንዲህ ያለ ቅጂ «ኮፒ» የሚል ቃል እንዲታተምበት ያስገድዳል፤ ከዚያ በፊት የተሠሩት ግን ቃሉ ስለሌለባቸው፣ ቃሉን አጣሁ ብለው እውነተኛ ነው አይበሉ። ጠርዙን በአጉሊ መነፅር ይዩ፤ በቅርጽ ውስጥ ቀልጦ ፈስሶ የተሠራ ከሆነ ዙሪያውን የሚዞር የመገጣጠሚያ መስመር ሊታይ ይችላል። በሚገባ ይመዝኑትና ከታወቀ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ካሉት ጋር ያነጻጽሩ። ገንዘብ አውጥተው ወደ መርማሪ ድርጅት መላክ ያለብዎት ይህን ካለፈ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ የበለጠ ያሳስበኛል፤ እውነተኛው ራሱ ዶላር ነበር ወይ? ሳንቲሙ አብዛኛውን ጊዜ ከፒውተር፣ ማለትም ቆርቆሮ ከሚበዛበት ቅይጥ የተሠራ ነው። በአንድ ገጹ ፀሐይና የፀሐይ ሰዓት ሆነው «ፉጂዮ»፣ ማለትም «እሸሻለሁ» የሚለው የላቲን ቃልና «ሥራህን ተመልከት» የሚለው ምክር አሉበት፤ በሌላው ገጽ የ13ቱን ግዛቶች ስም የያዙ የተሳሰሩ ቀለበቶች ይታያሉ። ምስሉ ኮንግረሱ በፌብሩዋሪ 1776 ካወጣቸው አነስተኛ የወረቀት ገንዘቦች የተወሰደ ሲሆን የእነዚህ ንድፍ ለቤንጃሚን ፍራንክሊን ይሰጣል። ለረጅም ዘመን ሊቃውንት ይህ ኮንግረሱ ያሰበው የመጀመሪያ ዶላር ነው ሲሉ ኖረዋል። ዋናው ምክንያታቸው ከ1776 አጋማሽ በኋላ በወጡት የወረቀት ገንዘቦች ውስጥ ባለ አንድ ዶላሩ መቅረቱ ነበር፤ ወረቀቱ የቀረው ሳንቲሙ ሊተካው ነው ብለው አሰቡ።

አስተውለው ይዩት፤ ይህ ከዝምታ የወጣ ግምት ነው። በኮንግረሱ የስብሰባ መዝገቦች ውስጥ እንዲህ ያለ ሳንቲም እንዲሠራ የታዘዘበት ቃል የለም። በ2018 ዴቪድ ማካርቲና ኤሪክ ጎልድስቲን ባሳተሙት ጥናት ሌላ አቅጣጫ አሳዩ። የዕፅዋት ሊቁ የጆሴፍ ባንክስ እኅት ሣራ ሶፊያ ባንክስ በለንደን ታላቅ የሳንቲም ስብስብ ነበራት፤ በ1818 ስትሞትም ስብስቡ ከብሪቲሽ ሙዚየም ጀምሮ ለሕዝብ ተቋማት ደረሰ። እርሷ በገዛ እጇ ባዘጋጀችው ዝርዝር ላይ ይህ ሳንቲም በገበያ ላይ ፈጽሞ እንዳልዋለ፣ በአሜሪካ ይሸጣል በሚል ተስፋ በአውሮፓ የተሠራ እንደሆነ ጽፋለች። ይህች ሴት የምትሸጠው ነገር አልነበራትም፤ የጻፈችውም ነገሩን የሚያውቁ ሰዎች በሕይወት ሳሉ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ ከተነሣ ግምት ይልቅ የእርሷን አንድ መስመር አምናለሁ።

ያው ንድፍ በሕግ የዋለበትን ሳንቲም ማየት ከፈለጉ የ1787ቱን የፉጂዮ ሳንቲም ይፈልጉ። እርሱ ኮንግረሱ ከጄምስ ጃርቪስ ጋር ተዋውሎ ያሠራው የመዳብ ሳንቲም ስለሆነ ውሉም መዝገቡም አለ።

ጥያቄ፦ ከአሠሪዬ የተሰጠኝ የ1798 ትልቅ የመዳብ ሳንቲም ጠቁሯል። በሎሚና በአመድ ባጸዳው ይጎዳል?

መልስ፦ እባክዎ አያድርጉት። አጥኚዎች የሳንቲሞችን ቅደም ተከተል የሚያውቁት ሳንቲሙ የተመታበት የብረት ማኅተም እየሰነጠቀ ሲሄድ በመዳቡ ላይ የተወውን ቀጭን መስመር ተከትለው ነው። ሎሚ ያንን መስመር ከቡኒው ቀለም ጋር አብሮ ይበላዋል፤ አመድ ደግሞ የራሱን ጭረት ይጨምራል። በደረቅ ወረቀት ሸፍነው እርጥበት በሌለበት ያስቀምጡት።

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ተማሪ ነኝ። መንግሥት ያተመው ሳንቲም ሕግና መዝገብ አለው፤ ነጋዴዎች በራሳቸው ያሠሯቸው ቶከኖች ግን በምን ይጠናሉ?

መልስ፦ መልካም ጥያቄ ነው፤ እኔንም ወደዚህ ጥናት የሳበኝ ይኸው ነገር ነበር። ቶከን ስንል የመንግሥት ዋስትና ሳይኖረው ነጋዴ ወይም ባለ ሙያ ያስመታው የሳንቲም ምትክ ማለታችን ነው። የመንግሥት መዝገብ በሌለበት ቦታ ሌሎች መዝገቦች አሉ፤ የመሬትና የውርስ ሰነዶች፣ የፍርድ ቤት ጉዳዮች፣ የጋዜጣ ማስታወቂያዎች፣ የንግድ ቤቶች የሒሳብ መዝገቦች።

በኮኔቲከት ሳሙኤል ሂግሊ የተባለ ሰው ከ1737 ጀምሮ ከገዛ ማዕድኑ በወጣ መዳብ ሳንቲም ይመታ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ዋጋቸው ሦስት ፔንስ መሆኑን በጽሑፍ ይናገራሉ። ቀጥለው የመጡት ግን «የወደድከውን ዋጋ ስጠኝ» እና «ጥሩ መዳብ ነኝ» ይላሉ። ስለዚህ ለውጥ መጠጥ ቤት ውስጥ ተከሰተ የሚባል አንድ አጫዋች ታሪክ በየቦታው ይደገማል፤ እኔ ግን ተማሪ በእርሱ ላይ ጊዜ እንዳያጠፋ እመክራለሁ። ከጽሑፉ ራሱ የሚነበበው ይበቃል፤ ሰዎች ሦስት ፔንስ ብለው አልተቀበሉትም፤ ሂግሊም ዋጋውን ለተቀባዩ ትቶ የብረቱን ጥራት ብቻ መሰከረ። ሌላ ነገር ልብ ይበሉ። ሂግሊ በ1737 መዳብ ጭኖ ወደ እንግሊዝ ሲጓዝ በባሕር ላይ ሞቷል፤ ይሁን እንጂ 1739 የሚል ዓመት ያለባቸው የዚሁ ዓይነት ሳንቲሞች አሉ። እነዚህን የመታቸው ሌላ ሰው መሆኑን የምናውቀው የሞቱን ሰነድ ከሳንቲሙ ዓመት ጎን ስናስቀምጥ ነው።

ብረትና መዝገብ ተደጋግፈው ከሚናገሩባቸው ሁሉ እኔን ይበልጥ የሚያስደስተኝ የታልቦት፣ አለምና ሊ ጉዳይ ነው። እነዚህ የኒው ዮርክ ነጋዴዎች በ1794ና በ1795 በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ከተማ የመዳብ ቶከን አሠርተው አስመጡ፤ ከመደብራቸው እንደሚከፈልበትም በላዩ አጻፉበት። በዚያው ሰሞን በ1792 ሕግ የተቋቋመው የፊላዴልፊያው ማተሚያ ቤት መዳብ አጥሮት ሲቸገር ከእነዚህ ቶከኖች በብዛት ገዛና እየቆረጠ ግማሽ ሳንቲም መታባቸው። ዛሬ አንዳንዱን የ1795 ወይም የ1797 ግማሽ ሳንቲም ወደ ብርሃን አዘንብለው ሲያዩ፣ ነጻነትን ከምትወክለው ሴት ምስል ሥር የነጋዴዎቹ ጽሑፍ ርዝራዥ ይታያል። የማተሚያ ቤቱ የሒሳብ መዝገብ ግዢውን ይናገራል፤ ሳንቲሙ ደግሞ ገዢው በዕቃው ምን እንዳደረገበት ያሳያል።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለት ዘመናት በቶከን የበለጸጉ ናቸው። በ1837 ባንኮች ወርቅና ብር መክፈል ሲያቆሙ፣ መጠናቸው የመንግሥቱን ትልቅ መዳብ የሚያክሉ፣ ብዙዎቹም በፕሬዚዳንት አንድሩ ጃክሰንና በብሔራዊው ባንክ መካከል በነበረው ጠብ ላይ የሚያሾፉ ቶከኖች ገበያውን ሞሉት። ከእነዚህ አንዳንዶቹ «ለመከላከያ ሚሊዮኖች፣ ለግብር ግን አንድ ሳንቲም እንኳ አይሆንም» የሚለውን የቆየ አባባል ሲጽፉ «አንድ ሳንቲም» የሚለውን በመካከል አጉልተው «አይሆንም» የሚለውን አሳንሰውታል፤ በችኮላ የሚያየው ሳንቲም ይመስለዋል፤ አስመስሎ ሠራህ ተብሎ የሚከሰሰው ደግሞ «አይደለም ብዬ ጽፌአለሁ» ይላል። በእርስ በርሱ ጦርነት ጊዜም ሕዝቡ የመንግሥቱን ሳንቲም እየደበቀ ሲይዝ ዳቦ ጋጋሪውም፣ ቢራ ሻጩም፣ ባለ መድኃኒት ቤቱም ስሙንና አድራሻውን የያዘ ቶከን አስመታ፤ በ1864 የወጡ ሕጎች ይህን አስቆሙት።

ለጥናት መነሻ የሚሆንዎት አድራሻው ነው። በዚያ ዘመን የአሜሪካ ትልልቅ ከተሞች ነዋሪውን በስም፣ በሙያና በመንገድ የሚዘረዝር ማውጫ በየዓመቱ ያሳትሙ ነበር። ዓመት ያልተጻፈበት ቶከን ቢገጥምዎት፣ ነጋዴው በዚያ አድራሻ የተመዘገበው ከየትኛው እስከ የትኛው ዓመት እንደሆነ ከማውጫዎቹ ይፈልጉ፤ ቶከኑ የተመታው በዚያ ጊዜ ገደማ መሆን አለበት። ብዙዎቹ ማውጫዎች በኢንተርኔት ላይ ስላሉ ከአዲስ አበባ ሳይነሡ መሥራት ይቻላል።

ጥያቄ፦ በፍራንክፈርት የምኖር ሳንቲም ሰብሳቢ ነኝ። የአሜሪካ የመጀመሪያው የብር ሳንቲም ከጆርጅ ዋሽንግተን የማዕድ ዕቃ ቀልጦ እንደተሠራ ብዙ ቦታ አንብቤአለሁ። ማረጋገጫው የት ይገኛል?

መልስ፦ የሚሉት ሳንቲም በ1792 የተመታው፣ የዶላር ሃያኛ የሆነው ግማሽ ዳይም ነው። ማተሚያ ቤቱ ገና ሳይደራጅ ጆን ሃርፐር በተባለ የመጋዝ ሠሪ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ተሠራ። ስለ ብሩ ምንጭ ሁለት ጽሑፎች አሉ። አንደኛው በ1844 የተጻፈ ማስታወሻ ነው፤ በማተሚያ ቤቱ ለረጅም ዘመን ያገለገለው አዳም ኤክፌልት፣ ሳንቲሙ በዋሽንግተን ጥያቄ እንደተመታና ዋሽንግተን ለዚሁ 100 ዶላር የሚያህል ብር ወይም ገንዘብ እንዳስገባ እንደተናገረ ይገልጻል። ይህ ምስክርነት የተሰጠው ነገሩ ከተፈጸመ ከ52 ዓመት በኋላ ነው። በውስጡም ቢሆን ሳህንና ማንኪያ አልተጠቀሰም፤ የማዕድ ዕቃው የተጨመረው በኋላ ነው።

ሁለተኛው ቶማስ ጄፈርሰን በዕለቱ የጻፈው የግል ሒሳብ ነው። ጄፈርሰን ያን ጊዜ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበር፤ ማተሚያ ቤቱም በእርሱ ሥር ነበር። በጁላይ 11 ቀን 1792 ሳንቲም እንዲመታበት 75 ዶላር መስጠቱን፣ በጁላይ 13 ደግሞ 1,500 ግማሽ ዳይም መቀበሉን መዝግቧል። 1,500 ግማሽ ዳይም በትክክል 75 ዶላር ነው። ሒሳቡ የሚገጥም፣ ቀን ያለው፣ ማንም ያነበዋል ተብሎ ያልተጻፈ ሰነድ ነው። ዋሽንግተን ራሱ በኖቬምበር 1792 ለኮንግረሱ ባደረገው ንግግር በግማሽ ዳይም ሥራ አነስተኛ ጅምር መደረጉን ገለጸ እንጂ ስለ ራሱ ብር ምንም አልተናገረም።

ሁለቱንም ራስዎ ሊያነቡ ይችላሉ። የጄፈርሰንና የዋሽንግተን ጽሑፎች በአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት በኩል በነጻ በኢንተርኔት ተከፍተዋል። የቆዩ የጨረታ ካታሎጎችንና የሳንቲም ጥናት መጽሔቶችን በሴንት ሉዊስ የሚገኘው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ በኤሪክ ኒውማን ስም ባቋቋመው ማኅደር ያገኛሉ። በዚያው ሲልቬስተር ክሮዝቢ በ1875 በቦስተን ያሳተመውን መጽሐፍ ይፈልጉ፤ ሰውየው የቅኝ ግዛቶቹን ሕጎች ከየመዝገብ ቤቱ ቃል በቃል ስለገለበጠ፣ ከ150 ዓመት ገደማ በኋላም ከሌሎቹ ሁሉ በፊት የምከፍተው እርሱን ነው። የግማሽ ዳይሙን ክርክር ለማንበብ ግን የ1844ቱን ማስታወሻና የጄፈርሰንን ሒሳብ በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ጽፈው ይጀምሩ፤ ከእያንዳንዱ አጠገብም የተጻፈበትን ቀን ያስቀምጡ።